ሁለት ለአንድ ብዬ የጻፍሁልህ ጨዋታ

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለአካለ ወልድ ወልደ ኪዳን፤ ወንጂ።

ወንድም ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናህ። ጤናህ እንዴት ነው? እህል ይበላልሃል ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የወንጂ ሙቀት ለምዶኛል ብለህ ጽፈህልን ነበር፤ እማዬ ግን በሐዘን ላይ ወባ እንዳይጨመርብህ እያለች ስትሰጋ ውላ ስትሰጋ ታድራለች። አብረውህ የሚኖሩት የአገራችን ልጆችስ እንዴት ናቸው? የምታበስልላችሁ ሴት እግሯ ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አለን ማለቴ ቆመን እንሄዳለን፣ የቀረበልንን እንቀምሳለን ለማለት ነው። «ደኅና ነን» ብዬ እንዳልጽፍ ያንን ቃል ባለፈው ደብዳቤዬ አበላሽቼዋለሁ።

የአገር ልጆች እሑድ ግንቦት 8 ቀን ማለዳ እቤትህ መጥተው የአባታችንን የመሪጌታ ወልደ ኪዳንን መርዶ እንዳረዱህ ከላኩልን ደብዳቤ ተረድተናል። ሦስት ቀን ሙሉ ከጎንህ እንዳልተለዩም ሰምተን መረቅናቸው። አሁን አንተም ስለ ሰማህ እጄ ተፈትቷል። እውነቱን ልጽፍልህ እችላለሁ።

ሚያዝያ 27 ቀን የጻፍሁልህ ደብዳቤ በእጅህ ካለ አውጣና ከዚህኛው ጎን አስቀምጠው። በእሱ ላይ «አባባ ደኅና ናቸው፤ ሰላም ይሉሃል» የሚል አንድ መስመር አለ። ያንን መስመር ስጽፍ አባባ ካረፉ ሰባተኛ ቀናቸው ነበር። ቃሉን የሰጡኝ አጎታችን አያ ጓዴ ናቸው። ብዕሩን የያዝሁት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ቀጥሎ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ኳስ ጨዋታ ጽፌልሃለሁ። ሞጣን ሁለት ለአንድ አሸነፍን፣ ሁለቱንም እኔ አገባሁ ብዬሃለሁ። ይህም ሐሰት አይደለም፤ ግን እውነትም አይደለም። እንዴት እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የዘንድሮው የብቸና ተማሪዎች ቡድን ከጥቅምት ጀምሮ ሲወራለት የከረመ ቡድን ነው። ደብረ ወርቅን ሦስት ለባዶ፣ ግንደወይንን ሁለት ለአንድ አሸነፍን፤ ከደጀን ጋር አንድ ለአንድ ወጣን። ከስድስቱ ጎል አራቱን ያገባሁ እኔ ነበርሁ። እንዲያም ሆኖ በብቸና ከተማ ያለ ስድብ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። ማልያችንን የሰፋልን ልብስ ሰፊው ፋንታ ደንበኛውን አቁሞ ስለ እኔ ይከራከር ነበር። «ግራ እግሩስ ይሁን፤ ቀኙ ግን ሱሪው እንዲሞላ ብቻ የተሰጠው ነው» ይላል። ባለ ሻይ ቤቱ ገብረ ክርስቶስ ደግሞ ከበሩ ላይ ሆኖ «አንተ ሰው፣ ልጁን ተወው። ከደጀን ጋር ያመለጠችው ጎል የአንተ ጥፋት ናት፤ የሰፋህለት እጅጌ ረዝሞ ዓይኑን ሸፈነው» ይለዋል። እኔ በዚያ ሳልፍ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ ዝም አይሉም። ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ያንን ስድብ በምን ልግዛው እላለሁ።

በሞጣ ደግሞ ስሜ ባንዳ ነው። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ፣ አክስታችን እትዬ ፈንታነሽ ልጅ ስለሌላት ከእሷ ዘንድ ተቀምጬ በብቸና እማራለሁና የሞጣ ተማሪዎች ይህን ይቅር አላሉኝም። ባለፈው ዓመት ኳስ በነካሁ ቁጥር «ባንዳ! ባንዳ!» እያሉ ሜዳውን ያናውጡት ነበር። በረኛቸው ታዘበው ነው፤ ያ ከእኛ ጓሮ ማዶ ያለው፣ ከአባባ እግር ሥር ዳዊት የደገመው ታዘበው። እሱ ሳይቀር ከጎሉ ሆኖ «ና እስቲ ባንዳው» ይለኝ ነበር።

ለፋሲካ ቤት በመጣሁ ጊዜ አባባ ስለ ጨዋታው ጠየቁኝ። መቼም ኳስ ሲባል «የሩጫ ዕዳ» ይሉ እንደ ነበር አንተም ታውቃለህ። ያን ዕለት ግን ምን እንዳሳሰባቸው እንጃ፣ «ሚያዝያ ጊዮርጊስ ወደዚህ ትመጣላችሁ አሉ። ከማኅሌት ወጥቼ አየዋለሁ። ካልገባኝ ታዘበው ያስረዳኛል» አሉ። እኔም ታዘበው ራሱ እንደሚጫወት፣ በረኛ እንደሆነ ነገርኋቸው። «እንግዲያው ከእሱ በር አጠገብ እቆማለሁ። ስታገባም ስትስትም ከዚያ አይሃለሁ» አሉኝ። ይህን ቃል ይዤ ወደ ብቸና ተመለስሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ቢቀሩብኝ እንዳላፍር ፈርቼ ነበር።

ሐሙስ ሚያዝያ 21 ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ፈንታነሽ በቤት የለችም። ጎረቤቷ «ግንደወይን የወለደች ዘመድ አላት፣ አራስ ልትጠይቅ ሄደች» አለችኝ። ለአራስ ያነጠረችው ቅቤ ግን በቅሉ እንዳለ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ረስታው ይሆናል አልሁ። ለካስ ወደ ሞጣ ገሥግሣ ኖሯል። ያን ዕለት ጠዋት አባባ በሞጣ ደቀ መዛሙርቱን እያስቀጸሉ ሳለ ደረታቸውን ውጋት ይዟቸው፣ እቤት ሳይደርሱ አርፈው፣ ከሰዓት በኋላ ተቀብረው ነበር። ወሬው በስልክ ለዲሬክተራችን ደርሷል። ዲሬክተሩም ለስፖርት መምህራችን ለሣህለ ማርያም ነግሮታል። እኔ በዚያ ሰዓት በቀኝ እግሬ ግድግዳ ላይ ኳስ ስመታ ነበር።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር አንተም በራስህ ደርሶ አየኸው። ማለዳ፣ በቤት፣ በዘመድ መካከል እንጂ በመንገድ ላይና በባዕድ አፍ አይነገርም። ስለዚህ ታላላቆቹ በስልክ ተማከሩ። ልጁ ቅዳሜ ለጨዋታ ወደ ሞጣ መምጣቱ አይቀርም፤ ከጓደኞቹ ጋር በሰላም ይምጣ፣ እሑድ ማለዳ ከቤቱ ይረዳ ተባለ። መምህር ሣህለ ማርያም እንዳልጫወት ሊያደርግ አስቦ ነበር። ኋላ ግን «አራት ጎል ያገባ ልጅ ቁጭ በል ቢሉት ይጠረጥራል» ብለው ተስማሙ። እንዳልጠረጥር ብለው አጫወቱኝ፣ ወንድም ጋሼ። ይህን ስሰማ የደነገጥሁትን ድንጋጤ እስከ ዛሬ ከሰውነቴ አላወጣሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት በኤንትሬ የጭነት መኪና ተነሣን። መምህሩ «አንተ ጋቢና ግባ» ብሎ የራሱን ቦታ ሰጠኝና እሱ ከልጆቹ ጋር ከላይ ወጣ። ጎል አግቢ በመሆኔ የተከበርሁ መሰለኝ። በመንገድ ላይ ልጆቹ ከላይ ይዘፍኑ ነበር፤ ዘፈኑ አንዴ ይቆምና እንደገና ይነሣል። እንዲዘፍኑ የታዘዙ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ለምሳ ስንቆም ሦስት ልጆች የየራሳቸውን ዳቦ አቀበሉኝ። አንድ እንኳ አልቀለደብኝም። እኔም ሞኙ፣ «ዛሬማ ፈርተውኛል» ብዬ ሁሉንም በላሁት።

ሞጣ ስንደርስ ወደ ቤት ልሂድ ብል መምህሩ «ቡድን አይከፈልም» ብሎ ከለከለኝ። የጊዮርጊስ ታቦት ገብቶ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሜዳው መጥቷል። መስመሩ በአመድ ተሰምሯል፣ የጎሉ ቋሚ አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የታዘበውን ጎል አጠገብ ነው። አባባ የሉም። አያ ጓዴ ከሩቅ ባርኔጣ አድርገው ቆመዋል። በዕድሜዬ ባርኔጣ አድርገው አይቻቸው አላውቅም፤ ራሳቸውን ተላጭተው ኖሯል። ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁና «አባባስ?» አልኋቸው። «ብርድ ብጤ ነክቶት ጋደም ብሏል። አንተ ተጫወት» አሉኝ። ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። «ይመጣሉ ወይ?» አልሁ። «ተጫወት አልሁህ» አሉኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳስ በነካሁ ጊዜ «ባንዳ» የሚለውን ስጠብቅ ድምፅ የለም። ሌላው ልጅ ሲነካት ይጮኻሉ፤ እኔ ስነካት ሜዳው በሙሉ ዝም ይላል። ተከላካዮቻቸው እኔ ዘንድ ሲደርሱ እግራቸው ይሰበሰባል። ቅዳሜ ዕለት ያን ዝምታ የተረጎምሁት እንዲህ ነበር፤ ፈሩኝ። ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ከግራ እግሬ ላይ አረፈችልኝና መታኋት። ታዘበው ተወርውሮ በጣቱ ነካት፣ ሾልካ ገባች። ይህችኛዋ እውነተኛ ናት፤ እሱም ይመሰክራል።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ስማ። ወደ ሞጣ ሕዝብ ዞሬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ዘራፍ! የወልደ ኪዳን ልጅ!» ብዬ ፎከርሁ። ሦስት ጊዜ ስማቸውን ጠራሁ። ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ ሕዝብ እኩሌታው ሐሙስ ዕለት ከመቃብራቸው ላይ ቆሞ የነበረ ነው። ከሴቶቹ መካከል አንዲቱ «ውይ ልጄን» አለች፤ ሌላዋ አፏን በነጠላ አፈነቻት። አያ ጓዴ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ታዘበው ኳሷን ለማምጣት ሄዶ ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ ዳኛው ሁለት ጊዜ ፊሽካ ነፋበት። እኔ ግን ሞጣን አፏን አስያዝኋት ብዬ ደስ አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዕረፍት በኋላ እነሱም አገቡብን፤ አንድ ለአንድ ሆነ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀር ኳስ ከፊቴ መጣች። ወደ ግራ እግሬ ላመቻቻት ጊዜ አልነበረኝምና በቀኙ መታኋት። ፋንታ ሱሪ እንዲሞላ የተሰጠው ባለው እግሬ ማለቴ ነው። ደካማ ኳስ ነበረች። በቀጥታ ወደ ታዘበው እቅፍ እየተንከባለለች ሄደች። ደረቱን ነካች፣ ከክንዱ ወረደች፣ በሁለቱ እግሮቹ መካከል አለፈች። ሁለት ለአንድ። በዚህ ጎል ብቸና ሰኔ 12 ቀን በደብረ ማርቆስ ለሚደረገው ውድድር አለፈች። ጨዋታው እንዳለቀ ልጆቻችን ተሸከሙኝ። ከላይ ሆኜ ያየሁት ግን አንዱም እንደማይስቅ ነው።

ከቡድኑ ጋር በትምህርት ቤት አደርሁ። እሑድ ማለዳ መምህሩ ቀሰቀሰኝና «ፊትህን ታጠብ» አለኝ። ወደ ቤታችን ስንቃረብ ከደጃፋችን ዳስ አየሁ። የማን ሠርግ ነው ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እማዬ ጠጉሯን ተላጭታ ወጣች። የቀረውን አልጽፈውም፤ አንተም ታውቀዋለህ። ስወድቅ ያነሡኝ እነዚያው በሜዳ ዝም ያሉኝ የሞጣ ተከላካዮች ናቸው። በዚያች ሰዓት የመጀመሪያው ሐሳቤ አባቴ ሞቱ የሚለው አይደለም ብልህ ታዝንብኛለህ? ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቁ ነበር የሚል ነው። ዳኛው እንኳ ያውቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ በሰባተኛው ቀን አያ ጓዴ ወረቀትና ብዕር ይዘው የመጡት። «ለወንድምህ ጻፍ። በሰው አገር ብቻውን እንዳይደነግጥ፣ የአገር ልጆች ቀን ቆርጠው እስኪያረዱት ድረስ አባትህ ደኅና ነው በለው» አሉኝ። እኔ ላይ የተደረገውን አንተ ላይ እንዳደርግ ታዘዝሁ፤ አደረግሁትም። ያን አንድ መስመር ጽፌ ሌላ የምለው አጣሁና ገጹን በጨዋታው ሞላሁት። መልስህ ግንቦት 29 ቀን፣ የአርባው ዋዜማ ደረሰ። መርዶውን ሳትሰማ የጻፍኸው ነው። «ሁለት ጎል! ያውም አንዷን በቀኝ! አባባ ቆመው አይተውህ ይሆን? እስቲ ምን እንዳሉ ጻፍልኝ» ይላል። ከጎታው ጀርባ ተቀምጬ አነበብሁት። ከዚያ ወዲህ በኪሴ ነው። ይቅር በለኝ ለማለት ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

አሁን የከበደኝ ሌላ ነገር አለ። ከሐዘን ወደ ብቸና በተመለስሁ ሳምንት በፋንታ ሱቅ በኩል ሳልፍ ሲከራከሩ ሰማሁ። ገብረ ክርስቶስ «በረኛው ለቆለታል እንጂ ያቺ ኳስ ድመት አታመልጣትም» ይላል። ፋንታ ደግሞ «ምን ይለቅለታል፣ ጎል ጎል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ሄደን የሚጠይቀን የለም» ይላል። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ፋንታ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ፣ አዎን ተነሥቶ፣ «ቀኝ እግርህም እኮ ደኅና ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ሐዘኑ እንደገና የመጣብኝ። በልምምድ ላይ ባዶ ጎል ስስት «አይዞህ» ይሉኛል። ኳስ ስቀማ «ጥሩ ሞከርህ» ይሉኛል። አንድ ሰው እንኳ ከእንግዲህ እውነቱን የሚነግረኝ አይመስለኝም።

ለአርባው ወደ ሞጣ ስመጣ ደግሞ ነገሩ የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ባንዳ የሚለው ስም ከእኔ ወርዶ በታዘበው ላይ ተጭኗል። «የየኔታ ልጅ ብሎ ደብረ ማርቆስን ሸጠብን» ብለው ከበረኝነት አውርደውታል። በትምህርት ቤት አብሮት የሚቀመጥ ጠፍቷል። ስለዚህ ለእኔ ሁለት ነገር ተጣበቀብኝ፤ ያቺን ጎል በራሴ አግብቼ ከሆነ ታዘበው ያለ ጥፋቱ ይሰደባል፣ ለቆልኝ ከሆነ ደግሞ በአባቴ ሞት ወደ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ።

ሰኞ ግንቦት 30 ቀን አርባቸው ወጣ። ቅዳሴው ተቀድሶ፣ ካህናቱና ነዳያኑ በልተው፣ ሕዝቡ ሲበተን ታዘበው ከጓሮ ሆኖ የድግሱን እንስራ ያጥብ ነበር። ከመጣ ጀምሮ ዓይኔን አላየኝም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁና በአባባ አጥንት አስምዬ «ለቀቅህልኝ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። እንስራውን አስቀመጠና «እኔም አላውቀውም» አለኝ። «ስትመጣ አየኋት። እንደምይዛት አውቅ ነበር። እጄ ግን ሐሙስ ዕለት በየኔታ ላይ አፈር የመለሰ እጅ ነው፤ አልታዘዘኝም። ለቀቅሁልህ ብል እዋሻለሁ፣ አልለቀቅሁም ብልም እዋሻለሁ» አለኝ። እንደዚህ ያለ መልስ ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። የቀረውን እንስራ አብሬው አጠብሁ። በኋላ «ተነሥ፣ ያቺኑ ኳስ እንደገና ልምታልህ» አልሁት።

ኳሷን ከቤቱ አመጣና ወደ ሜዳው ሄድን። የሞጣ ተማሪዎች የት እንደምንሄድ አይተው ተከተሉን፤ ብዙዎቹ ለአርባው የመጡ ናቸው። ከመስመሩ ዳር ቆመው ዝም አሉ። እኔም «ዝም ካላችሁኝ አልመታም። እንደ ድሮው ስደቡኝ» አልኋቸው። ተያዩ። አንዱም አልደፈረም። ያን ጊዜ ከመካከላቸው ቀጭን ድምፅ «ባንዳ!» አለ። ስንዱ ናት። የእኛዋ ታናሽ እህታችን፣ ጥቁር ቀሚሷን እንደ ለበሰች። «የሽሮ ድስት ሰባሪ ባንዳ!» ብላ በኳስ የሰበርሁትን ድስት ጨመረችበት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ እንደ ጥንቱ ሜዳውን አናወጡት። ወንድም ጋሼ፣ ቆሜ አለቀስሁ። ከጊዮርጊስ ወዲህ በደንብ ያለቀስሁት ያን ጊዜ ነው።

አያ ጓዴ ጩኸቱን ሰምተው ከነበትራቸው ደረሱ። «በአባትህ አርባ ኳስ? ሰው ምን ይለናል?» አሉ። ከኋላቸው እማዬ መጣች። በነጠላዋ አገጯን እንዳሰረች በቀጥታ አልፋን ሄደችና ከታዘበው ጎል አጠገብ፣ ከቀኙ ቋሚ ዘንድ ቆመች። «ተው ጓዴ። ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ ብለውት ነበር፤ ነግረውኛል። እኔ ልይላቸው» አለች። ቃል እንደ ገቡልኝ ለእሷ መንገራቸውን አላውቅም ነበር። አያ ጓዴ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ አልሄዱም።

በቀኝ እግሬ አሥር ጊዜ መታሁ። አራቱ ወደ ውጭ ወጡ፤ አንዷ እማዬን ልትመታት ነበር። አምስቱን ታዘበው ያዘ። አሥረኛዋ ደካማ ነበረች፤ ደረቱን ነክታ ከክንዱ ሾልካ ገባች። መሬቱን በጡጫ መታው። ሊይዛት እንደ ፈለገ ያላየ የለም። ልጆቹም «እንግዲህ ይህ ልጅ ደካማ ኳስ አይችልም ማለት ነው» ብለው በእሱ ላይ ሌላ ቀልድ ጀመሩ፤ ባንዳ የሚለው ግን ከእሱ ላይ ወረደ። እማዬ ሁሉንም ስታይ ቆየችና «እሺ፣ አሁን ጎል የሚሉት የገባው ነው ወይስ የወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። የገባው ነው አልኋት። «አንዲት ብቻ?» አለች። አዎን አልኋት። «አባትህ ቢያዩህ ሩጫው ለምን አስፈለገ ይሉህ ነበር» አለችኝ።

ያቺ የሚያዝያ ጎል ጎል መሆኗን ዛሬም አላውቅም። የምፈልገው ሁለተኛዋን በቀኝ እግሬ አገባሁ ብዬ በኩራት የጻፍሁልህን እንደ ኩራት እንዳታነብልኝ ነው። ሰኔ 12 ቀን ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ፤ እማዬ ሂድ ብላኛለች፣ አያ ጓዴ ግን ገና ሂድም አትሂድም አላሉኝም። ሞጣ ታዘበውን ወደ ጎሉ መልሳዋለች። ነገ ወደ ብቸና እመለሳለሁ። መጀመሪያ የምሄደው ወደ ፋንታ ሱቅ ነው፤ ቀኝ እግሬ ከአሥር አንድ መሆኑን ነግሬው የሚለውን ይበለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ከእንግዲህ በቤታችን ክፉ ነገር ቢደርስ እኔ ለአንተ እጽፋለሁ፣ አንተም ለእኔ ጻፍልኝ። ማለዳ ይሁን ማታ፣ ብቻዬን ልሁን ከሰው ጋር፣ ጻፍልኝ። ታላላቆቹ እንዳንደነግጥ ብለው ያደረጉትን በፍቅር እንዳደረጉት አውቃለሁ። ድንጋጤው ግን ሁለት ጊዜ ነው የደረሰብኝ፤ አንደኛው የአባባ ሞት፣ ሁለተኛው ያ ዝምታ።

እትዬ ፈንታነሽ ቀብሩ አምልጧት እስካሁን አልተጽናናችም፤ በጣም ትናፍቅሃለች፣ ሰላም ትልሃለች። አያ ጓዴ ሰላም ይሉሃል፤ ደብዳቤውን አንብቤላቸው «እኔን ክፉ አድርገህ ጻፍኸኝ» ብለዋል፣ ግን ቅደደው አላሉኝም። ስንዱ ሰላም ትልሃለች፤ የቀለም እርሳስ ላክልኝ በልልኝ ብላለች። ታዘበው ጉልበትህን ስሞ እንዴት አለህ ይልሃል። አባባ በወጉ ከእማዬ አስቀድሞ በሚጻፉበት ቦታ ላይ ዛሬ ማንንም አልጻፍሁም። እማዬ ሰላም ትልሃለች። ይህ የእሷ ሰላምታ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጣ ብዕሩ ሲሄድ እያየች፣ «ደኅና ናት ብለህ እንዳትጽፍ፤ አለች በለው» ብላኛለች።

የሚወድህ ታናሽ ወንድምህ
ይርጋለም ወልደ ኪዳን

ሞጣ፤ ሰኔ 4 ቀን 1963 ዓ.ም.